ደጋፊ፣ ተቃዋሚ፣ ገለልተኛ

ሁለት ደቂቃ ማለት እንቁላል የማይበስልበት ጊዜ ነው። በዚህ ማንም እንዳይከራከረኝ። ማክሰኞ ጠዋት ገና አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ወጥ ቤቴ ውስጥ ቆሜ፣ የእንቁላል መቀቀያ ሰዓቴን ሁለት ደቂቃ ላይ አድርጌ፣ ለአራት ባዶ ወንበሮች ንግግር አደርግ ነበር፤ የግዛታችን ምክር ቤት ለአንድ ተናጋሪ የሚፈቅደው ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው። «ክቡር ሊቀመንበር፣ ክቡራን የኮሚቴው አባላት፣ ስሜ ቬርኔታ ፕሩዊት ይባላል፤ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ» እላለሁ፤ የልጄ ስም ላይ ልደርስ ስል ሰዓቱ ጥርርር ይላል። እንደገና እጀምራለሁ። ልብስ ማጠቢያውን ተውኩት፣ ሃያ ስድስቱን ዓመት ተውኩት፣ «ክቡራን» የሚለውንም ቀነስኩት፤ አሁንም ሮላንድ ልል አፌን ስከፍት ይጮሃል። ምን ዓይነት ጣጣ ነው! የስድሳ አንድ ዓመት ሴትዮ በሌሊት ልብሷ ቆማ ወንበር ስትለማመጥ ያየ ሰው አበደች ቢል አልፈርድበትም። በመጨረሻ ተናድጄ ሰዓቱን መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩትና ስድስት እንቁላል ቀቀልኩ። ደርዘኑ አምስት ዶላር ከሃያ ገብቷል፤ ቢሆንም መንገዱ ሁለት ሰዓት ነው፣ የምክር ቤቱ ምግብ ቤት ደግሞ አንድ ሳንድዊች በአሥራ አራት ዶላር ይሸጣል። ሕግ አውጪዎቹ ሆዳቸው የሚሞላው በእኛ ግብር ነው፤ እኔ የማዝነው ለእኛ ሆድ ነው።

ጎርደን አንድ ሰዓት ላይ ደረሰ። ጥሩምባ አይነፋም፤ የሰፈርሽ ሰው ይቆጣኛል ብሎ ይፈራል፣ ስለዚህ እስካየው ድረስ ፒክአፑ ውስጥ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ጎርደን ነጭ ነው፣ የገጠር ሰው ነው፣ አጋዘን አዳኝ ነው፣ ጢሙ ደረቱን ሊነካ ምንም አልቀረው። ከሦስት ዓመት በፊት መንገድ ላይ ቢያጋጥመኝ ቦርሳዬን ጠበቅ አድርጌ አልፈው ነበር። ይህን ስነግረው «እኔ ደግሞ የመኪናዬን በር እቆልፍብሽ ነበር» አለኝ፤ ተሳስቀን ተስማማን። ያገናኘን ቤተ መጻሕፍት ነው። እዚያ ያለችውን ሴትዮ «ሕግ እንዴት ነው የሚቀየረው?» ብዬ ስጠይቃት አልሳቀችብኝም። አድራሻዬን ተቀብላ የወረዳዬን ተወካይ ስም አወጣችልኝ፣ ደብዳቤውን በእጅሽ ጻፊው፣ የታተመ ማንም አያነብም አለችኝ፤ ከዚያ ጎርደን «የሰንጢው ሕግ ይቀየር» ብሎ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የለጠፈውን ወረቀት አሳየችኝ። እሱ የአባቱን ሰንጢ በኪሱ ይዞ ከተማ መግባት ፈርቶ ነው የጀመረው፤ እኔ ልጄ ወደ ከተማ መግባት ስለማይችል። በብርድ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ደጃፍ ቆመን አራት መቶ አሥራ ሁለት ፊርማ ሰበሰብን። የመጀመሪያው ዓመት የሕግ ረቂቁ አጀንዳ ውስጥ ሳይገባ ቀረ። በሁለተኛው ዓመት ኮሚቴው ውስጥ ሁለት ድምፅ ጎድሎት ወደቀ። ይህ ሦስተኛው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ ሮላንድ ምንጣፍ አንጣፊ ነው፤ ኪሱ ውስጥ ሁልጊዜ ታጣፊ ሰንጢ አለ፣ ያለ ሰንጢ ምንጣፍ አይቆረጥም። አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ የኋላ መብራቱ ተቃጥሎ ፖሊስ አስቆመው። በእኛ ግዛት አንድ ሕግ አለ፤ በእጅ አንጓ ውርወራ የሚከፈት ሰንጢ መያዝ ወንጀል ነው ይላል፣ ከእኔ ዕድሜ የሚበልጥ ሕግ ነው። ፖሊሱ ሰንጢውን ተቀብሎ እጁን ወረወረ፤ አልተከፈተም። ደግሞ ወረወረ፤ አልተከፈተም። ሮላንድ እጁን መኪናው ላይ አድርጎ ይቆጥር ነበር። ስድስተኛው ላይ ተከፈተ። አምስት ጊዜ የሥራ ዕቃ የነበረው ነገር በስድስተኛው ወንጀል ሆነ። ያንኑ ሰንጢ ከፖሊስ ጣቢያው ሦስት መንገድ አለፍ ብሎ ያለው መደብር ዛሬም ይሸጠዋል፤ ባለፈው ሳምንት አይቼዋለሁ። ጥፋተኛ ነኝ ብሎ ፈረመ። ስለ መፈረሙ አሁን ማውራት አልፈልግም። አንድ ዓመት አመክሮ ሰጡት፣ በየማክሰኞው ጠዋት ሦስት ሰዓት ቀርቦ መፈረም፤ አሠሪው ደግሞ ማክሰኞ የሚቀር ሰው አልፈልግም አለ። ሁለት ማክሰኞ ቀረ፤ የመያዣ ትዕዛዝ ወጣበት። በዚያው ሳምንት ልብሱን በሁለት ከረጢት አድርጎ ወንዙን ተሻገረ።

ወንዙ ማዶ ሌላ ግዛት ነው። እዚያ ሰንጢውን ቀበቶህ ላይ ሰክተህ ቤተ ክርስቲያን ብትገባ ማንም ዞር ብሎ አያይህም። ከእኔ ቤት በአውቶቡስ ሃያ አምስት ደቂቃ ነው፤ ሰው ባሕር የተሻገረ ያህል ራቀኝ ስል ጎረቤቶቼ ይስቁብኛል። ድልድዩን ወደዚህ ከተሻገረ ይያዛል፣ ስለዚህ የአክስቱ ቀብር ላይ አልነበረም፣ የእኔ ጉልበት ሆስፒታል ሲቀደድም አልነበረም። እኔን አትምጪ ብሎኝ አያውቅም፤ ነይም ብሎኝ አያውቅም። ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ፣ ሁለቱንም ጊዜ በር ላይ ቆመን ስለ አየር ጠባይ አወራን። በስልክ ስለ ረቂቁ ሳነሳ «ተይው እማ፣ እኔ ረስቼዋለሁ» ይለኛል። እኔ ግን ናፍቆቱ ሊገድለኝ ነው። ዕቃ ሲያጥብ የሚያፏጨው ናፍቆኛል፣ ጫማውን መሐል በር ላይ የሚጥለው ናፍቆኛል፤ ስንቴ ተሳድቤበት የለ! አንቀጽ አራት የምንለው ነገር ደግሞ ለዚህ ነበር። አንቀጽ አንድ ሰንጢውን ይፈቅዳል፣ አንቀጽ ሦስት በፍርድ ቤት ያሉትን ክሶች ያቆማል፣ አንቀጽ አራት ድሮ የተፈረደባቸውን ይሰርዛል፣ የመያዣ ትዕዛዙም አብሮ ይቀደዳል። ሌላው አንቀጽ ለሌላ ሰው ነው። አራት የእኔ ነበር።

በመንገድ ላይ ጎርደን አራት እንቁላል በላ፣ ያወራው ከወትሮው ያነሰ ነው። ምክር ቤቱ ደጃፍ ስንደርስ ያ የተለመደው ቲያትር ሆነ። በሩ ላይ የብረት መፈተሻ አለ፤ ለሰንጢ ሊከራከሩ የመጡት ሰዎች ደግሞ ከልማድ የተነሳ ሰንጢያቸውን ኪሳቸው ውስጥ ይዘው ይመጣሉ፣ በየዓመቱ! አንድ አናጢ፣ አንድ አሳ አስጋሪ፣ ሁለት የመድረክ ሠራተኞች፣ ጎርደንም ጭምር፣ እንደ ሌባ ግራ ቀኝ እያዩ በሩ አጠገብ ያለው የአበባ ገንዳ አፈር ውስጥ ይቀብራሉ። «ጎርደን፣ አንተ የአምስት ዓመት ልጅ ነህ?» አልኩት። «ሱሪ ስለብስ አብሮ ነው የሚለበሰው፣ ምን ላድርግ» አለኝ፤ ግን ዓይኔን አላየኝም።

ውስጥ ገብተን ቢጫዋን ወረቀት ወሰድን። መናገር የሚፈልግ ሰው ስሙን ጽፎ ከሦስት ሳጥኖች አንዱ ላይ ምልክት ያደርጋል፤ ደጋፊ፣ ተቃዋሚ፣ ገለልተኛ። በዚህች ወረቀት የተዋረድኩትን እኔ ነኝ የማውቀው። ባለፈው ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ስሞላት ሕጉን ነው የምቃወመው ብዬ «ተቃዋሚ» ላይ በትልቁ ምልክት አደረግሁ። ለካስ የሚጠይቁት ስለ ረቂቁ ነው! ስሜ ረቂቁን ከሚቃወሙት ጋር በመዝገብ ገባ፣ እስከ ዛሬም አለ። ጎርደን ዓመቱን ሙሉ «ደህና አደርሽ፣ ተቃዋሚያችን» ሲለኝ ከረመ። ብቻዬንም አይደለሁም፤ ቤተ መጻሕፍት ያለችው ሴትዮ በየዓመቱ አሥር ሰው እንደዚሁ ይሳሳታል ብላኛለች፤ ሰው የሚመጣው የሚጠላውን ነገር ይዞ ነውና። ዘንድሮ ግን መነጽሬን አድርጌ፣ ሁለት ጊዜ አንብቤ፣ ስሜን ጻፍኩ።

ምልክቱን ሳላደርግ ነው የተወካያችን ረዳት ሜሬዲት የመጣችው። ደግ ልጅ ናት፣ ፈገግታ አታበዛም፣ ያን ቀን ግን ገና ከሩቅ ፈገግ ብላ ነበር፤ ያኔ ክፉ ወሬ መሆኑን አወቅሁ። አግዳሚ ወንበሩ ላይ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ሚስ ቬርኔታ፣ እርስዎ ሳይሰሙ እንዳይገቡ ብዬ ነው» አለችኝ። «አንቀጽ አራት ተሰርዟል። ሁለት አባላት እሱ ካለ አንደግፍም አሉ። ያለ እሱ ስድስት ለአምስት እናልፋለን። ኮሚቴውን ካለፈ ሌላው ቀላል ነው፤ ድምፁ አለን።»

«ድሮ የፈረሙትስ?»

«የተጀመሩት ክሶች ይቆማሉ። ያለቁት ግን እንዳሉ ይቆያሉ።» እጄን ያዘችኝ። «ስድስተኛው ሰው ባለፈው ዓመት እርስዎን ሰምቶ ነው ሐሳቡን የቀየረው። እርስዎ ዛሬ ከተቃወሙ አይደግፍም። ልዋሽዎት አልፈልግም፣ በእርስዎ ነው የሚወሰነው።»

ሄደች። ምን ተሰማሽ ብትሉኝ፣ ቤቴ ውስጥ ቆሜ ሰው መጥቶ ወለሉን የጠቀለለብኝ መሰለኝ። ዞር ብዬ ጎርደንን አየሁት። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የሞተ አገረ ገዥ ሥዕል አተኩሮ ያያል፤ ምን አለው ከሱ ጋር?

«ታውቅ ነበር» አልኩት።

«ትናንት ደወሉልኝ።»

«ሁለት ሰዓት ሙሉ! እንቁላሌን እየበላህ!»

«መኪና ውስጥ ብነግርሽ መልሰኝ ትዪኛለሽ ብዬ ፈራሁ።»

«እልህ ነበራ!»

«አውቃለሁ» አለ። ባርኔጣውን አውልቆ በሁለት እጁ ያዞረው ጀመር። «ቬርኔታ፣ ተቃወሚ። እኔ ቃል አይወጣኝም። የአባቴ ሰንጢ አንድ ዓመት ቢጠብቅ አይዝግም።» ይህን የሚለው ከልቡ መሆኑ ነው ይበልጥ ያናደደኝ። መጥፎ ሰው ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ሰድቤው ልቤ ያርፍ ነበር። ተነስቼ መተላለፊያው መጨረሻ ድረስ ሄድኩ። መቃወም መብቴ ነው። ሦስት ዓመት የለፋሁት ለማን ነው? ለአሳ አስጋሪ ነው? ሌላው ሰው እንደ ልቡ ሰንጢ ይዞ ሲንጎራደድ የእኔ ልጅ ማዶ ይቀራል። ይውደቅ፣ ሁላችንም አብረን እንውደቅ፣ በሚቀጥለው ዓመት ከአራት ጋር ይነሳ። እስክሪብቶዬን አውጥቼ መስኮቱ ደፍ ላይ ወረቀቱን ዘረጋሁ። ዘንድሮ በስህተት አይደለም፣ ቆርጬ ነው።

«ይቅርታ እናቴ፣ ይቺን እንዴት ነው የምሞላው?» አለችኝ አንዲት ልጅ። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ የሥራ ልብስ ለብሳለች፣ ሃያ አራት ዓመት ቢሆናት ነው። ማርሴላ እባላለሁ አለችኝ። ወረቀቷን አየሁት፤ «ተቃዋሚ» ላይ ምልክት አድርጋለች። «እኔን ያስያዘኝን ሕግ ነው የምቃወመው» አለች። ሳልወድ ሳቅ አመለጠኝ። አጠፋሁላትና ረቂቁን ነው የሚጠይቁሽ፣ ደጋፊ በይ አልኳት። ባለፈው ወር ነው የተያዘችው፤ ሽቦ የምትልጥበት ሰንጢ ነው። «ስንተኛው ላይ ተከፈተ?» አልኳት። «አራተኛው» አለች፣ ለምን እንደጠየቅኋት እንኳ አልጠየቀችኝም። ቀጠሮዋ ጁን አሥራ አራት ነው። ጠበቃው ጥፋተኛ ነኝ በይና አመክሮ ይሰጥሻል ብሏታል፤ ከተፈረደባት ግን የሙያ ፈቃዷን ታጣለች።

«እናቴ ፈርሚና ገላግዪን ትለኛለች» አለች። «ሥራ እንዳትቀሪ ብላ ነው። ክፉ አይደለችም።»

እንግዲህ ስለ መፈረሙ ልናገር። የዚያን ቀን ፍርድ ቤቱ መተላለፊያ ላይ ሮላንድ «እማ፣ እኔ ምንም አላጠፋሁም፣ አልፈርምም» አለኝ። አርብ ነበር። ሰኞ ትልቅ ሥራ ነበረው፣ የሆቴል ምንጣፍ። እኔም ደክሞኝ ነበር፣ የሌሊት ፈረቃ አድሬ ነው የመጣሁት። «ሞኝ አትሁን፣ ወረቀት ነው፣ ፈርምና ጨርስ» አልኩት። ጠበቃው አይደለም፣ ዳኛው አይደለም፣ እኔ ነኝ። አየኝ፣ እስክሪብቶውን ተቀበለ፣ ፈረመ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለዚህ አንዲት ቃል ተናግረን አናውቅም። እኔም ክፉ አይደለሁም።

«አትፈርሚ» አልኳት ልጅቷን። ድምፄ ጮክ ብሎ ወጣ መሰለኝ፣ ደነገጠች። «ቢያንስ እስከ ጁን አትፈርሚ። ለእናትሽ የሆነች አሮጊት እንዲህ አለችኝ በያት።» ከዚያ ቢጫዋ ወረቀቴ ላይ «ደጋፊ» ከሚለው ጎን ምልክት አደረግሁ። ምልክቱ ከሳጥኑ ትንሽ ወጣ። ወረቀቷን የኮሚቴው ጸሐፊ ሳጥን ውስጥ ስከታት፣ በልጄ ላይ በገዛ እጄ በር የዘጋሁ ያህል አመመኝ።

አዳራሹ ሞቃት ነበር፣ ከአሥራ አንዱ አባላት ሦስቱ ስልካቸውን ያያሉ። ስሜ ሲጠራ የማይክሮፎኑ ፊት ተቀመጥኩ፣ ሁለቱን ደቂቃ የሚቆጥረው አረንጓዴ መብራት በራ። የተለማመድኩት ሁሉ ከራሴ ጠፋ። «ቬርኔታ ፕሩዊት ነኝ። ደጋፊ ነኝ» አልኩ። «ልጄ ሮላንድ ይባላል።» በመጀመሪያው ትንፋሽ ወጣልኝ። «ሰንጢው ስድስተኛው ላይ ተከፈተ። ጥፋተኛ አይደለሁም አለ፤ ፈርም ያልኩት እኔ ነኝ። አንቀጽ አራትን ስላወጣችሁ ይህ ሕግ ለእሱ ምንም አያደርግለትም። ነገር ግን እዚህ የተቀመጠች ልጅ አለች፣ ገና አልፈረመችም። ስለ እሷ ነው የምደግፈው። ስለ እሱ ግን እናንተ አስቡበት፣ ዛሬ ማታ ራት ስትበሉ።» ሌላ የምለው አልነበረኝም። መብራቱ ገና አረንጓዴ ነበር። ሊቀመንበሩ «አመሰግናለሁ፣ እትዬ፣ ጨረሱ?» አለኝ። «ጊዜዬ አላለቀም» አልኩት፤ ቢጫው በርቶ ቀዩ እስኪመጣ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ስልካቸውን ያዩ የነበሩት ሦስቱም ቀና አሉ።

ስድስት ለአምስት አለፈ። አናጢው ጮኸ፣ ጸጥታ አስከባሪው ተቆጣው፣ ማርሴላ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። ጎርደን አጠገቤ አልመጣም፤ በሩ ጋ ባርኔጣውን ይዞ ቆመ፣ ዓይኑ ቀልቷል። እኔ ከሰው ተለይቼ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩና ሮላንድ ጋ ደወልኩ። የምሳ ሰዓቱ ነበር።

«አለፈ» አልኩት።

«ጎበዝ እማ።» ከኋላው ሰዎች ያወራሉ፣ መዶሻ ይሰማል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አራትስ?» አለኝ።

አራትስ! እኔ ቁጥሩን ነግሬው አላውቅም። ተይው፣ ረስቼዋለሁ ሲለኝ የኖረው ልጅ ለካስ እያንዳንዷን መስመር ሲያነብ ከርሟል።

«አወጡት፣ ልጄ። ጠዋት ነው የነገሩኝ። እያወቅሁ ነው የደገፍኩት።»

ራሴ ልናገረው አልኩና «ፈርም ያልኩህ እኔ ነኝ ብዬም ተናገርኩ፣ በሰው ሁሉ ፊት» አልኩት። «ላንተ ግን እስከ ዛሬ አላልኩህም።»

«አውቃለሁ እማ» አለ። «ደግ አደረግሽ። እኔም ብሆን ደጋፊ ነበር የምለው።» ከዚያ ስለ ሌላ ሰው ዕቃ የሚያወራ ይመስል ቀስ ብሎ «እንግዲህ ክፍሌን አከራዪው። ጥሩ ዋጋ ያወጣልሻል» አለኝ።

«ዝም በል!» አልኩት፤ ደረጃው ላይ የሚያልፉት ሰዎች ዞረው አዩኝ። «ያንተ አልጋ ላይ ማን አባቱ ነው የሚተኛው?»

ሳቀ መሰለኝ። ወይም አለቀሰ፣ በስልክ አይለይም። ከዚያ አለቃው ጠርቶት ሥራ አለብኝ አለና ዘጋው።